ጠፍ መሬት ብዬ የጻፍኩት ምንጭ

ባለፈው ሐሙስ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። ለኪሴ የመጣ ሰው መስሎኝ ልቆጣ ዞር ስል፣ "ታደሰ! አንተ ጸሐፊዬ! አለህ እንዴ?" አሉ። ከፊታቸው በፊት ድምፃቸውን ለየሁት። ጋሽ ደግፌ ነበሩ። ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን የሠራን፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ ሰው ናቸው። ያኔ ዳገት ሲወጡ ፍየል አይቀድማቸውም ነበር፤ አሁን ከዘራ ይዘዋል፤ ያ ሰፊ ፈገግታቸው ግን እንዳለ ነው። አሮጌውን ሰፈራችንን ከለቀቅኩ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ሞተዋል ብዬ ነበር። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሞተዋል ብሎ ማሰቡ ይቀለኝ ነበር።

እጄን ሳይለቁ ወደ ሰልፈኛው ዞሩ። "ይህን ሰው ታዩታላችሁ? እኔ ያልኩትን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ በመንግሥት መዝገብ ያሰፈረ ሰው ነው! ያልተማረ ብሎ ያልናቀኝ ሰው ነው!" ጆሯቸው ላይ ኢርፎን የሰኩት ልጆች ሳይሰሙ ፈገግ አሉ። ዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት ግን ከልቧ፣ "እግዜር ይስጣቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?" አለች። ወያላው "ቤቴል፣ ሁለት ሰው ብቻ!" ብሎ ሲጮህ ተራዬ ሳይደርስ ዘልዬ ልገባ ዳዳኝ። ጋሽ ደግፌ ግን አለቀቁኝም። "እሁድ ቤት ና። የልጅ ልጆቼ ስምህን እንጂ መልክህን አያውቁም። እዚያው አሮጌው ቤቴ ነኝ፣ አልተነቀልኩም" አሉኝ። እመጣለሁ አልኩ። "እሺ" እና "እመጣለሁ" ማለት እኔን ቸግሮኝ አያውቅም። በሕይወቴ ያጠፋሁት ትልቁ ጥፋት የጀመረውም በአንድ "እሺ" ነው።

ያኔ ሰፈራችን ኮልፌ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ልጆቹ ማኪያቶ የሚጠጡበት ፎቅ ያለበት ቦታ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ከነካልሲው ይውጥ ነበር። እኔ ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ በሸራ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ እወርድና እዚያ እግሬን አጥቤ እቀይራለሁ። ጫማውም ጫማ እንዳይመስላችሁ፤ ተረከዙ የሴት የሚያህል፣ ከላዩ ሱሪው እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ። አፍሮዬን የማበጥርበት ሚዶ ከኋላ ኪሴ ብቅ ብሎ ካልታየ ከቤት የወጣሁ አይመስለኝም። ሻይ በዳቦ በሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ሻይ ቤቱ አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት አንድ ካሴት ከገባለት ክሩ እስኪያልቅ ያንኑ ዘፈን ያስለቅሰዋል። ዛሬም ያ ዘፈን ድንገት ከአንድ አሮጌ ታክሲ ሲወጣ እስማለሁ፤ ሰው ወጣትነቱ ትዝ ይለዋል፣ እኔ ፊቴ ይቀላል።

መሥሪያ ቤታችን የደረቀ ዕፅዋት የሚቀመጥበት ቤት ነበር። ከየአገሩ የተለቀመ ቅጠልና አበባ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ደርቆ፣ ወረቀት ላይ ተሰፍቶ፣ በብረት ቁም ሣጥን ይደረደራል። ኮሪደሩ ሁሉ የብል መድኃኒት ይሸታል፤ ሠርግ ቤት ስሄድ ሳይቀር ከኮቴ ስለማይለቅ ሰዎች የአያታቸው ሣጥን የተከፈተ ይመስላቸው ነበር። የእኔ ሥራ ካርድ መሙላት ነው። ለእያንዳንዷ ተክል አንድ ካርድ፤ መልኳ፣ ጠባይዋ፣ የምትኖርበት ቦታ ይሞላል። ይህን ሁሉ ደግሞ እንደፈለጉ መጻፍ አይቻልም። ሰማያዊ ልባስ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ነበረችን፤ የትም አገር ያለ አዋቂ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲግባባ ተብላ የተዘጋጀች የቃላት ዝርዝር ናት። ቅጠል ከሆነ ጠርዙ ወይ ልሙጥ ነው፣ ወይ ጥርስ አለው፣ ወይ ሞገዳም ነው። ግንድ ከሆነ ወይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ወይ ይጠመጠማል። መኖሪያ ከሆነ አሥር ምርጫ ብቻ አለ፤ ደን፣ ቁጥቋጦ፣ ሣር ሜዳ፣ ረግረግ፣ ወንዝ ዳር፣ ገደል፣ እርሻ፣ ጓሮ፣ ጠፍ መሬት፣ ሌላ። ሁሉም ቁጥር ቁጥር አላቸው፤ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥሩ ነው።

መጽሐፏን በቃሌ ስለያዝኳት እኮራ ነበር። ከመኩራትም አልፌ በቢሮ ሰው ሁሉ ላይ ተጫውቼባታለሁ። የታይፕ ክፍሏን ልጅ "ቀጥ ብላ የምታድግ፣ ጠርዟ ጥርስ ያለው" አልኳት፤ አለቃችንን ደግሞ "እሾሃም፣ በጥላ ሥር የሚበቅል"። ሻይ ቤት በዚህ ስንስቅ ጋሽ ደግፌ አይስቁም ነበር። እሳቸው ከጉራጌ አገር በልጅነት መጥተው መርካቶ ዕቃ ሲሸከሙ ኖረው፣ በኋላ ለእኛ የዕፅዋት መጫኛ ሳንቃ ተሸካሚ ሆነው የተቀጠሩ ናቸው። አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው በማታ ትምህርት ነው። ተሸካሚ ሆነው ገቡ እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋናው ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። አንድ ተክል ሲያገኙ ቶሎ አይቆርጡም። መጀመሪያ ከጎኗ ቁጭ ይላሉ። ግራ ቀኟን ያያሉ፣ አፈሩን በጣት ይነካሉ፣ የሚጎበኛት ንብ ካለ ይጠብቃሉ። "ሰውን በጎረቤቱ ነው የምታውቀው፤ እሷንም እንዲሁ" ይሉ ነበር። አለቃችን በዚህ ይበሳጭ ነበር፤ እኔም ከአለቃ ጋር መበሳጨት የሚያሳድገኝ መስሎኝ እበሳጭ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እርጥብ ተክል በቅጠል ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የጣት ቁመት አላት፤ ቅጠሏ ከላይ አረንጓዴ ከሥር ወይን ጠጅ፣ አበባዋ ነጭ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ።

"ገልብጣት እስቲ። አየህ?"

"ምኗ ነው አዲሱ ጋሼ?"

"አገሬ የምትመስላት አለች። ግን አይደለችም። ያቺኛዋ ደረቅ ትወዳለች፤ ይህች እግሯ ከውሃ ከወጣ አታድርም። ከሰፈራችን በታች ያለችውን ምንጭ ታውቃት የለ? እዚያች ድንጋይ ሥር ብቻ ነው ያየኋት። ወንዙን ከላይ እስከ ታች ሁለት ሳምንት ሄድኩበት። የለችም።"

"እሺ፣ እጽፈዋለሁ።"

"እንዳልኩህ ጻፍ እንግዲህ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።"

"እሺ አልኩ እኮ ጋሼ!"

ምንጯን አውቃታለሁ ወይ? እንዴት አላውቃትም! የተከራየሁት ቤት ከእሷ በላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡባት፣ ልጆች አፋቸውን ደፍተው የሚጠጡባት፣ በበጋ እንኳ ዙሪያዋ እግር የሚያሰምጥ ትንሽ ጎድጓዳ መሬት ናት። በጎኗ የከብት መንገድ ያልፋል። መቼም ረግረግ ወይም ወንዝ ዳር የሚለውን ብመርጥ ደንቡ ሁለተኛ ቅጽ ያዝዛል፤ ቦታው ድረስ ሄዶ የውሃውን ጥልቀት መለካት አለ። "ሌላ" የሚለውን ብመርጥ ምክንያት በሦስት ቅጂ ጽፌ አለቃዬን ማስፈረም አለብኝ። ጠፍ መሬት ግን ምንም አይጠይቅም። ቁጥር ዘጠኝ፣ አለቀ። ያን ቅዳሜ ደግሞ ልብስ ሰፊዬ እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነበር የሚከፍተው፤ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ያሰፋሁት ቡናማ ሱፍ ሊደርስልኝ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ የከብት መንገድ አለ አይደል አልኩና ዘጠኝ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ የብዛቱ ቦታ አለ፤ "አንድ ቦታ ብቻ" ካልኩ እንደገና ማስረጃ ሊጠየቅ ነው። "በብዛት የሚገኝ" የሚለውን ቁጥር ሞላሁ። ሰብሳቢ በሚለው ላይ የጋሽ ደግፌን ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ። ልብሱ ትከሻው ላይ ትንሽ ይጠበኝ ነበር እንጂ አምሮብኝ ነበር።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በመጽሐፏ ሊያላክክ ይችላል፤ አሥር ቃል ለዚህ ሁሉ አገር እንዴት ይበቃል ሊል ይችላል። እኔም ለራሴ ስንት ዓመት እንዲህ አልኩት። ሐሰት ነው። ቃላቱ ጥሩ ቃላት ነበሩ፤ በደንብ የሠራ ሰው በእነሱ ብዙ እውነት ጽፎባቸዋል። የጎደለው የእኔ እግር ነው፤ ከቤቴ ቁልቁል አምስት ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ መሄድ።

ሰኞ ጋሽ ደግፌ ኮታቸውን ሳያወልቁ መጡ። "ጻፍከው?" "ጻፍኩት።" "እንዳልኩህ?" "እንዳሉኝ።" ካርዱ ከስማቸው በቀር በቁጥርና በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ቢያዩትም ስማቸውን እንጂ ሌላውን አይለዩም። ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። በዚያው ዓመት መስቀል ቤታቸው ጠሩኝና ከዘመዶቻቸው ሁሉ በላይ አስቀመጡኝ። "የጻፈልኝ ይህ ነው" እያሉ አጎረሱኝ። እኔ ዐይኔን በጨው አጥቤ ጎረስኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምንጯ ያለችባት ጎድጓዳ መሬት ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ተፈለገች። ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነበር፤ ሁሉ ነገር በስብሰባ ይጀመራል፣ በጭብጨባ ያልቃል። አንድ እሁድ ጠዋት በቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰብን። ስለ ቦታው ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣ ወረቀት ነበር፤ ከእኛም ቤት አንድ ገጽ መጥቷል፣ ከካርዶቻችን የተጨመቀ። እንዲያነቡ የተመረጡት አቶ አያሌው ናቸው። የጎጃም ሰው፣ የጋሽ ደግፌ ጎረቤት፣ ልጅ እያሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ስለቀመሱ ድምፃቸው ያማረ፤ የማንም ወረቀት ቢሆን ለሰፈሩ የሚነበበው በእሳቸው አፍ ነው። አነበቡ፤ "የቦታው ዓይነት፣ ጠፍ መሬት። የተለየ ዕፅዋት፣ የለም።"

ጋሽ ደግፌ ተነሡ። "እንደገና አንብበው።"

አቶ አያሌው እንደገና አነበቡ።

"ያልተጻፈ ነው የምታነበው!"

"አቶ ደግፌ፣ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።"

"ወረቀቱን ለውጠኸዋል! የጻፈውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። እሱ አይዋሽም!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለአንዲት ቅጠል ብሎ ቤት ፈላጊውን ሁሉ የሚያስቆም ሰው ማን አይቶ ያውቃል? አንዱ "ቅጠሏን ለምን አያገቧትም!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ ደግፌ በሕዝቡ መሐል ዐይናቸውን እያዟዟሩ ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉት እኔን ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሰፊ ጋቢ ከለበሱ ሰውዬ ኋላ ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ከዚያም በጓሮ በር ሾልኬ ወጣሁ።

ማታውን ቤቴ መጡ። "አንተ ብትኖር አፉን ታስይዘው ነበር" አሉኝ። ቡልጋ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር አልኩ። "እንግዲያው ካርዱን አውጣልኝ፤ ለሰፈሩ ላሳይ።" ካርዱ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ተልኳል አልኩ። ይህንን ሁሉ ስል አልተንተባተብኩም። በወሩ ድንጋይና ቀይ አሸዋ በገልባጭ መኪና መጥቶ ምንጯ ላይ ተደፋ። ውሃው ለጥቂት ጊዜ በጎን በኩል እየሾለከ አስቸገረ፤ በኋላ ጠፋ። ያቺን ነጭ አበባ ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው የለም። ጋሽ ደግፌን የሰፈር ልጆች "ደግፌ ቅጠሉ" ብለው ይጠሯቸው ጀመር። እሳቸውም ከአቶ አያሌው ጋር ሰላምታ አቆሙ። ግድግዳ ለግድግዳ እየኖሩ፣ በአንድ በር ጭቃ እየረገጡ፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች ስንት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ።

አቶ አያሌው ታመው ሞቱ። ጋሽ ደግፌ ቀብር አልወጡም፤ ድንኳንም አልመጡም። እኛ ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው መናገር አያስፈልግም። ደመኛ እንኳ ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል። እኔ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ንፍሮ በላሁ፣ ካርታ ተጫወትኩ። ሰዎቹ "ይህን ያህል ቂም ከሰው ልብ እንዴት ይወጣል?" እያሉ ሲያሟቸው ዝም ብል እንኳ አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን፣ ካርታዬን እያየሁ፣ "እሳቸውማ ድሮም ግትር ናቸው" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ያልኩበትን ድምፅ ግን አልረሳሁትም።

እንዲህ ብዬ ተሸፋፍኜ እኖር ነበር፤ ስልክ እስኪደወልልኝ። ጋሽ ደግፌን ሰልፍ ላይ ከማግኘቴ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ ሳምራዊት የምትባል በድሮ መሥሪያ ቤቴ የምትሠራ ልጅ ደወለች። የድሮዎቹን ካርዶች ኮምፒውተር ውስጥ እያስገቡ ነው። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው" አለች። ከደረቀችው ተክል ጋር፣ ጋዜጣው እጥፋት ውስጥ፣ በእርሳስ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት አግኝታለች። አነበበችልኝ፤ "ውሃ ከድንጋይ ሥር በሚወጣበት። እግር ይሰምጣል። ሌላ ቦታ አላየሁም። ደግፌ።" ጋሽ ደግፌ እኔን ቢያምኑም ለማንኛውም ብለው በማታ ትምህርት ፊደላቸው ጽፈው አስቀምጠውላት ኖሯል። "የእርስዎ ካርድ ግን ጠፍ መሬት፣ በብዛት የሚገኝ ይላል። ሰብሳቢው ያልተማሩ ስለነበሩ የሰብሳቢ ስህተት ብዬ ልለፈው?"

"እንደሱ አድርጊው ልጄ" አልኩ።

እንግዲህ ይህንን ያልኩት ያኔ አይደለም፤ ሱፍ ያጓጓኝ ጎረምሳ ሆኜ አይደለም። ጡረታ የወጣሁ፣ የንስሐ አባት ያለኝ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሆኜ፣ ባለፈው ማክሰኞ ነው። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላሉ፤ የእኔ ሊጠራ በሬን ሲያንኳኳ ቀርቅሬ መለስኩት። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ደግፌ ክንዴን ያዙኝ።

ሐሙስና ዓርብ እህል አልቀመስኩም፤ ባለቤቴ ስኳሬ የተነሣ መስሏት ደነገጠች። ቅዳሜ ለሳምራዊት ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ፣ ሱፉንም ሳይቀር ነገርኳት። ወረቀቷ ትክክል ናት፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው አልኳት። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ እንደዚያ የሚል ምርጫ የለም እኮ። ያለው 'የመዝጋቢ ስህተት' ነው።"

"ስህተት አልነበረም እኮ ልጄ። እያወቅኩ ነው።"

"ገብቶኛል። ግን ከዝርዝሩ ውጪ መጻፍ አልችልም። 'የመዝጋቢ ስህተት' ልበለው?"

በይው አልኩ። የሚገባኝን ቃል ያህል እንኳ አላገኘሁም፤ ዝርዝሩ እኔ ለራሴ ካዘንኩት በላይ አዘነልኝ።

እሁድ ጋሽ ደግፌ ቤት ሄድኩ። የልጅ ልጆቻቸው ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም፤ ልጃቸው ሻይ ቀድታልን ወደ ጓዳ ገባች። ግቢያቸው ውስጥ በየዘይት ቆርቆሮው የተተከለ ነገር ሞልቷል። አንዱን ሊያሳዩኝ ሲነሡ፣ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡና ይስሙኝ" አልኩ። ነገርኳቸው። ከቅዳሜዋ ጀምሬ እስከ ማክሰኞዋ ስልክ፣ ድንኳን ውስጥ ያልኩትን ሳይቀር። በመጀመሪያ እየቀለድኩ መስሏቸው ፈገግ ብለው ነበር። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ስለ ተክሏ ይጠይቁኛል፣ ስለ ምንጯ ይረግሙኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ እሷ አንድም ቃል አልተናገሩም።

"እንግዲያው አያሌው... የተጻፈውን ነው ያነበበው?"

"የተጻፈውን ነው ጋሼ።"

"አንድም ቃል አልለወጠም?"

"አልለወጡም።"

"ለቅሶውን አልደረስኩም እኮ" አሉ። እኔን አይደለም የሚያናግሩት። "በግድግዳ በኩል ሲያስል ይሰማኝ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ሲያስል። ይበለው አልኩ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያን ጊዜ እመርጥ ነበር። "ካርዱን አስተካክያለሁ፤ ትናንት ደውዬ አስተካክያለሁ" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ካርዱንስ አስተካከልክ። አያሌውን በምን ታስተካክለዋለህ?"

ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣርተው፣ "ኮቴን አምጪልኝ፣ ጥቁሩን" አሉ። ለብሰው ከዘራቸውን ያዙና እኔን "ተነሥ" አሉኝ።

የአቶ አያሌው ቤት ከዚያ አንድ በር ነው። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ አርጅተዋል፣ ጋሽ ደግፌን ሲያዩ ግን እጃቸው በሩ ላይ ደረቀ። ጋሽ ደግፌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ወይዘሮ ወርቄ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።"

"የማንን ለቅሶ?"

"የአያሌውን።"

እትዬ ወርቄ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ተመለከቱ። ጋሽ ደግፌ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይህ ይንገርሽ" አሉ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ። በሁለተኛው ይቀላል የሚል ካለ ውሸቱን ነው። እትዬ ወርቄ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ሊሞት ሲል እንኳ፣ 'ደግፌን ምን አድርጌው ነው ወርቄ?' ይለኝ ነበር" አሉ። "ምን ልበለው? እኔ ምኑን አውቄ።"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱት። በሩን ወለል አድርገው "ይግቡ አቶ ደግፌ" አሉ። ጋሽ ደግፌ ገቡ። እኔም ልከተል አንድ እግሬን ሳነሣ እትዬ ወርቄ መዳፋቸውን ደረቴ ፊት አቆሙ። "አንተ ቆይ። መጀመሪያ እሳቸው ያልቅሱ" አሉኝ።

በሩ ሳይዘጋ፣ እኔ ከደጅ ቀረሁ። ወዲያው ከውስጥ የጋሽ ደግፌ ድምፅ መጣ፤ "አያሌው! ወንድሜ! ወንድሜ አያሌው!" እያሉ፣ ሬሳው ዛሬ ከቤት የወጣ ይመስል ጮኸው አለቀሱ። እትዬ ወርቄም በለቅሶ ተቀበሏቸው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው የሰፈር ሰው ለቅሶ ሲሰማ መንገድ ላይ ቆመ፤ ሁለት ሦስት ሰው ወደ እኔ መጣ። አንዲት ወጣት ጎረቤት ደንግጣ፣ "ጋሼ፣ ማን ሞተ?" አለችኝ።

"አቶ አያሌው" አልኩ።

"እንዴ! እሳቸውማ የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው!"

"አዎ ልጄ" አልኳት። "ለቅሷቸውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ።"